ከጅማ ሆኖ የመንግሥት ጨረታን በኦንላይን መወዳደር

የሂሳብ ሥራ የምሠራው እዚሁ ጅማ ነው። ደንበኞቼ ሂርማታ አካባቢ ያሉ የእንጨት ባለሙያዎች፣ የጽሕፈት መሣሪያ ነጋዴዎችና ኮምፒውተር የሚጠግኑ ወጣቶች ናቸው። ሰሞኑን ሁሉም የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፤ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ግዥ ወደ ኤሌክትሮኒክ ሥርዓት ገባ፣ እኛስ እንዴት እንግባ?

ድሮ የአዲስ አበባ ጨረታ ማለት 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ሰነድ መግዛት፣ ከዚያ ደግሞ የታሸገውን ፖስታ ሳጥን ውስጥ ለመክተት መመለስ ነበር። አሁን ሰነዱም ዋጋውም ከሱቅ ሆኖ ይላካል። ለጅማ ሰው ትልቅ ዕድል ነው፤ የሚጠቅመው ግን በሥርዓቱ ላይ የምትከፍቱት አካውንት በራሳችሁ እጅ ከሆነ ብቻ ነው።

ምዝገባውን ለጉዳይ አስፈጻሚ ሰጥታችሁ አትሂዱ። ቢያግዛችሁ ጥሩ፤ ኢሜይሉ፣ ስልኩና ፓስወርዱ ግን የባለቤቱ ይሁን። የአንድ ደንበኛዬ የአሸናፊነት ማስታወቂያ ወደ ሌላ ሰው ኢሜይል ገብቶ፣ ውል የመፈረሚያው ቀን ሊያልፍ ሲል ነው የደረስንበት። ስማችሁ በንግድ ፈቃዱ፣ በቲን ምዝገባውና በባንክ ሂሳቡ ላይ በአንድ ዓይነት አጻጻፍ መሆኑንም አረጋግጡ።

የታደሰ ንግድ ፈቃድ፣ ቲን፣ የቫት ምዝገባና የግብር ክሊራንስ (የግብር ዕዳ እንደሌለባችሁ የሚያሳይ ማስረጃ) ስካን አድርጋችሁ በአንድ ፎልደር አስቀምጡ። የፈቃዱ የሥራ መስክ ከሚገዛው ዕቃ ጋር ካልገጠመ ድካሙ በከንቱ ነው።

ሰነዱ ብዙ ጊዜ በእንግሊዝኛ ነው። አንዳንዶች ለአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ሰጥተው ወደ አማርኛ ያስተረጉማሉ፤ ጠቅላላ ሐሳቡን ለመያዝ ይረዳል። መጠን፣ ውፍረትና ቀን ግን ከዋናው ሰነድ ላይ በዓይናችሁ አንብቡ። ቀኑ በፈረንጅ አቆጣጠር ከሆነ ወደ እኛ መልሱት። ጠዋት 10:00 ካለ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ነው፤ ከሰዓት በኋላ 4:00 ካለ ደግሞ ከቀኑ 10 ሰዓት። መብራትና ኔትወርክ ስለማይታመኑ ከመዝጊያው አንድ ቀን ቀድማችሁ ላኩ። የጨረታ ማስከበሪያው፣ ማለትም ስትወዳደሩ የምታስይዙት ዋስትና፣ ሲፒኦ (ባንክ ያረጋገጠው የክፍያ ትዕዛዝ) ወይም የባንክ ጋራንቲ ከሆነ ዋናውን በእጅ አስረክቡ የሚል ነገር መኖሩንም እዩ።

ቴክኒኩን፣ ማለትም ስለ ዕቃው ዓይነትና ጥራት የሚጠይቀውን ክፍል፣ ስትሞሉ «እንደተጠየቀው» ብላችሁ አትለፉ። 4 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የደረቀ የዋንዛ ጣውላ ከተባለ፣ የምታቀርቡትን እንጨት ዓይነትና ውፍረት ጻፉ፤ የሠራችሁትን ወንበር ፎቶም አያይዙ።

ዋጋው ላይ ረጋ በሉ። አንድ ወንበር ለምሳሌ 4,000 ብር አወጣችሁለት እንበል። በዚህ ውስጥ ጣውላው፣ ኮላው፣ ቫርኒሹ፣ የእጅ ዋጋው፣ የአይሱዙ ኪራዩ፣ የጫኝና አውራጁ፣ ትርፋችሁም አለ። ቫት 15 በመቶ ሲጨመር 4,600 ይሆናል። ቫትን ጨምሮ ሙሉ በሚለው ዓምድ 4,000 ከጻፋችሁ፣ ከእያንዳንዱ 4,000 ውስጥ 522 ብር ገደማ ቫት ስለሚሆን፣ በ120 ወንበር 62,600 ብር ገደማ ከኪሳችሁ ወጣ ማለት ነው። አንዴ ከገባ በኋላ «ቫቱን ረስቼ ነው» ማለት አያዋጣም። በዚያ ላይ ክፍያው ዕቃው ተረክቦ፣ ተመርምሮ፣ ሞዴል 19 (ዕቃው ገቢ መሆኑን የሚያሳየው ደረሰኝ) ተቆርጦ ነው የሚመጣው፤ እስከዚያ ለጣውላ ሻጩና ለሠራተኛው የሚከፈለው ከየት እንደሚመጣ ዋጋ ከማስገባታችሁ በፊት ወስኑ። ከክፍያው ላይ ቅድመ ግብር (ገዢው ቀንሶ የሚያስቀረው ግብር) ሲቀነስ ደረሰኙን ተቀበሉ፤ ዓመታዊ ግብራችሁ ላይ ይታሰብላችኋል።

ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሞክር ሰው ምክሬ፣ እዚሁ ከተማችን ካለ የፌዴራል ተቋም፣ ለምሳሌ ከጅማ ዩኒቨርሲቲ በሚወጣ አነስተኛ ግዥ ጀምሩ። መጓጓዣው ቅርብ ነው፣ ርክክቡም አያንገላታም።

ከተሸነፋችሁ ምክንያቱን በጽሑፍ ጠይቁ። ግምገማው ሰነዱን ያልተከተለ ከመሰላችሁ ቅሬታችሁን መጀመሪያ ለገዢው መሥሪያ ቤት ኃላፊ፣ የሰነዱን አንቀጽ ጠቅሳችሁ አስገቡ። የቅሬታ ጊዜው አጭር ስለሆነ ውጤቱን ባያችሁበት ዕለት መጻፍ ጀምሩ።