ለመዝገብ ቤት ሥራ የሚረዳ ነገር ከኢንተርኔት እንዴት ይገኛል?

ጎግል ላይ "ሪከርድ ማኔጅመንት" (የመዝገብ አያያዝ ማለት ነው) ብላችሁ ብቻ ከፈለጋችሁ በአብዛኛው የሚመጣላችሁ የሶፍትዌር ሻጮች ማስታወቂያ ነው። አንዳንዱ ጥሩ ጽሑፍ አለው፣ ግን መጨረሻው ያው "እኛን ግዙን" ነው። ስለዚህ ከራሳችሁ ችግር ጀምሩ። የሠራተኛ ማህደር ስንት ዓመት ይቀመጥ? የተደባለቀውን ፋይል በምን ላደራጀው? ጥያቄው ሲጠብ መልሱም ይቀርባል።

መጀመሪያ የአገር ቤቱን ሕግ አውርዱ። ዋናው የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አዋጅ ቁጥር 179/1991 ነው። በእንግሊዝኛ የምትፈልጉት ከሆነ ግን 179/1999 በሉ፣ ያው አንድ አዋጅ ነው፣ የዘመን አቆጣጠሩ ነው የተለያየው። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 እና የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም አብረው ይቀመጡ፤ ሥራችሁ ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር እየሄደ ከሆነ ሁለቱም ይመለከታችኋል። ኢንተርኔት ላይ ያሉት የነጋሪት ጋዜጣ ቅጂዎች ብዙ ጊዜ ስካን የተደረጉ ምስሎች ስለሆኑ በውስጣቸው ቃል መፈለግ አይሠራም። በአዋጁ ቁጥር ፈልጉ።

ለሥልጠና አንድ ነገር ብቻ ምረጥ ብትሉኝ ኢንተርናሽናል ሪከርድስ ማኔጅመንት ትረስት የተባለውን ድርጅት ሞጁሎች፣ ማለትም በርዕስ በርዕስ የተከፋፈሉ የማሠልጠኛ ጽሑፎች፣ እመርጣለሁ። እ.ኤ.አ. በ1999 ከዓለም አቀፉ የቤተ መዛግብት ምክር ቤት ጋር ያዘጋጁት ነው፣ ክፍያ የለውም። የተጻፈው በጀትም ቦታም ላጠረው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ስለሆነ ስታነቡት "ይሄ እኮ የኛ ቢሮ ነው" ትላላችሁ። በሥራ ላይ ያሉ ፋይሎችን ማደራጀት ለብቻው፣ ምን ይቆይ ምን ይወገድ የሚለው ለብቻው፣ የሆስፒታል፣ የፍርድ ቤት፣ የፋይናንስና የሠራተኛ ሪከርድም ለየብቻው ሞጁል አላቸው። ሁሉንም ካላነበብኩ አትበሉ፤ ዛሬ የቸገራችሁን አንዱን አውጥታችሁ ሥሩበት። ስለ ኮምፒውተር ያለው ክፍል አርጅቷል፣ እሱን እለፉት።

የመዝገብ አያያዝ ስታንዳርዱ ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት (አይኤስኦ) ያወጣው አይኤስኦ 15489 ነው፣ የመጀመሪያው ክፍል እ.ኤ.አ. በ2016 ተሻሽሏል። ሙሉው በገንዘብ ነው። የቃላት ትርጓሜውን ግን ራሱ የአይኤስኦ ድረ ገጽ በነፃ ያሳያል፣ ሐሳቡንም የእንግሊዝና የአውስትራሊያ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት በነፃ መመሪያዎቻቸው ላይ በሚገባ ቋንቋ አስፍረውታል። መግዛቱን ለመሥሪያ ቤቱ ተዉት።

እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ። የአሜሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ለፌዴራል መሥሪያ ቤቶቹ ያወጣው አጠቃላይ የማቆያ ጊዜ ሰንጠረዥ በነፃ ይገኛል፣ አሠራሩም ድንቅ ነው፤ ሪከርዱን በሥራው ዓይነት ይመድባል፣ ቀጥሎ መቼ እንደሚወገድ ይነግራል። ከሱ ቅርጹን ውሰዱ፣ ዓመቶቹን ተዉ። እነሱ ይህን ያህል ዓመት ስላሉ እኛም ያንኑ ያህል ብሎ የደመወዝ ሰነድ ማስወገድ አይቻልም፣ ቁጥሩ የመጣው ከነሱ ሕግ ነው። የፍለጋ ቃሉም ከአገር አገር ይለያያል፦ አሜሪካኖቹ ጋ "ሪቴንሽን ስኬጁል"፣ አውስትራሊያ ጋ "ሪከርድስ ኦቶሪቲ" ብላችሁ በእንግሊዝኛ ጻፉ።

ሰርቨር ላይ ምን እንደተጠራቀመ ለማያውቅ ሰው ደግሞ ድሮይድ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፣ የእንግሊዝ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ያዘጋጀው። የፋይሉን ስም ብቻ አምኖ አይቀርም፣ ውስጡን አይቶ ዓይነቱን ይለያል። ከሱ ጋር የዲጂታል ፕሪዘርቬሽን ኮኦሊሽንን ሃንድቡክ፣ የኮምፒውተር ፋይልን ለረጅም ጊዜ ጠብቆ ስለማቆየት የተጻፈውን መመሪያ፣ አንብቡ፤ እሱም ነፃ ነው።

የአገራችንን ሁኔታ ለማየት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፎች ማከማቻ ውስጥ ግቡ። ብዙ ሰው መደምደሚያውን አንብቦ ይዘጋዋል። እኔ አባሪውን ነው የማየው፤ መጠይቁ እዚያ ነው ያለው፣ ትንሽ አስተካክላችሁ የራሳችሁን መዝገብ ቤት ትፈትሹበታላችሁ። የምሥራቅና የደቡብ አፍሪካ ቤተ መዛግብት ማኅበር የኤሳርቢካ መጽሔትም የአፍሪካ መጽሔቶች በሚሰበሰቡበት በአፍሪካን ጆርናልስ ኦንላይን ድረ ገጽ ላይ አለ።

ያገኛችሁትን ሊንኩን ብቻ ይዛችሁ አትቀመጡ። ፋይሉን አውርዱ፣ ስሙ ላይ አዘጋጁንና ዓመቱን ጻፉ። ሊንኩ ከሞተባችሁ አድራሻውን የድረ ገጾችን የድሮ ቅጂ በሚያስቀምጠው ዌይባክ ማሽን ላይ ለጥፉት፣ ብዙ ጊዜ የድሮውን ቅጂ ያወጣላችኋል።