ስለ «ማኅተም» ስናወራ የምንስታቸው ነገሮች

ጅማ ላይ «ማኅተም» ከየት መጣ የሚል ጥያቄ ከተነሳ ክርክር አይጠፋም። ክርክሩን እወደዋለሁ፤ አንዳንዱ ስህተት ግን ቢታረም ደስ ይለኛል።

«ከዐረብኛ የተዋስነው ነው» ማለት።
ይህን የሚሉት ያለ ምክንያት አይደለም። ዐረብኛው «ኻተም» ይላል፤ ማኅተምም የማኅተም ቀለበትም ማለት ነው። ቁርኣን ዘልቆ የጨረሰ ልጅም «አኸተመ» ይባላል። መመሳሰሉ ግን የዘመድ ነው። ግዕዝ «ኀተመ» ሲል አሸገ፣ ዘጋ፣ ፈጸመ ማለቱ ነው። ዕብራይስጡ «ሖታም» ይላል። ሥሩን እስከ ጥንታዊት ግብፅ የሚወስዱ ሊቃውንትም አሉ። አማርኛ ያችን የጉሮሮ ድምፅ ጥሎ «አተመ» አለ፤ ማተሚያ ቤትና እትም የመጡት ከዚያ ነው። በብዙኃኑ ኀ «ማኅተም» ብለን የምንጽፈውም ለዚሁ ነው። ቢሮ መስኮት ላይ የምትሰሙት የኦሮምኛው «ቻፓ» ግን ሌላ ቃል ነው።

ከማተብ ጋር ማምታታት።
ማተብ የመጣው ከ«ዐተበ» ነው፤ ባረከ፣ በመስቀል ምልክት አማተበ ማለት ነው። ከማኅተም ጋር አይዛመድም።

ማኅተም የመሥሪያ ቤት ብቻ ነው ብሎ ማሰብ።
እኔን በጣም የሚቆጨኝ ይሄኛው ነው። ማኅተም ከጥንትም የሰው ነበር፤ በጣት ይጠለቃል፣ በአንገት ይንጠለጠላል። በመኃልየ መኃልይ ምዕራፍ 8 ሙሽራዋ እንደ ማኅተም በልብህ አኑረኝ የምትለው ከሰውዬው የማይለይ ዕቃ ስለሆነ ነው። የነገሥታቶቻችንን የ19ኛው ክፍለ ዘመን ደብዳቤዎች ተመልከቱ። ማኅተሙ ከጽሑፉ ራስጌ ነው የሚመታው፤ ግርጌ ላይ ፊርማ አትጠብቁ። በምኒልክ ማኅተም መሐል ዘውድ የጫነ አንበሳ አለ፣ ዙሪያውን ስማቸው። ዛሬ ጅማ ውስጥ ሂርማታ ገበያ ሄደን የምናሠራው ቲተር የዚያ ወገን ነው። ላስቲኩን ገልብጣችሁ እዩት፤ የሰውዬው ስምና ኃላፊነት ወደ ኋላ ዞሮ ተቀርጿል። ክቡ ማኅተም የመሥሪያ ቤቱ ነው፣ ቲተሩ ግን የባለቤቱ።

ቴምብርን ማኅተም ማለት።
ቴምብር ገንዘብ ተከፍሎበት የሚለጠፍ ወረቀት ነው፤ ቃሉም ከፈረንሳይኛ የገባ ነው። የመጀመሪያዎቹ የኢትዮጵያ ፖስታ ቴምብሮችም እ.ኤ.አ. በ1894 ፓሪስ ነው የታተሙት።