የተቆጣው ባሕር ፎቶው ላይ ለምን ይረጋል? ችግርና መፍትሔ

እስራኤል ውስጥ ኔታንያም ሁኑ አሽዶድም ሁኑ ያፎ፣ ነገሩ ያው ነው። ክረምቱ ሲገባ ሜዲትራኒያን ይጠቁራል፣ ደመናው ዝቅ ይላል፣ ካሜራ ያለው ሁሉ ወደ ዳርቻው ይወርዳል። ቤት ገብቶ ሲያየው ግን ያ የሚያስፈራ ባሕር የለም። ራው (ካሜራው ያልነካካው ጥሬ ፋይል) ላይ ማንሳትንና አድማሱን ማስተካከልን ታውቁታላችሁ ብዬ ልለፍ።

ባሕሩ ወተት መስሏል

ፎቶ ሲያሳዩኝ በብዛት የማየው ይሄንን ነው። ሰማዩ ያምራል፣ ድንጋዩ ያምራል፣ ውኃው ግን ነጭ ጭጋግ ነው። ማዕበል ነበረ ቢሏችሁ አታምኑም።

ምክንያቱ ባለ 10 ስቶፕ ኤንዲ ፊልተር ነው፤ ሌንሱ ላይ የሚገጠም፣ ብርሃን የሚቀንስ ጥቁር መስታወት፤ እያንዳንዱ ስቶፕ ብርሃኑን በግማሽ ይቀንሰዋል። ቪዲዮ አይተው ይገዙታል፤ ከገዙት ወዲያ ከሌንሱ ላይ አይወርድም። ያለ ፊልተር 1/30 ሰከንድ ይበቃ የነበረው ብርሃን አሁን 30 ሰከንድ ይፈልጋል። በዚህ መሃል ሦስት አራት ማዕበል መጥቶ ይመለሳል፣ ካሜራውም ሁሉንም ይደራርባቸዋል። ለረጋ ባሕር ደስ ይላል። ለተቆጣ ባሕር ግን ማስታገሻ እንደመስጠት ነው።

ሸተሩን (ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ) ከ1/4 እስከ 1 ሰከንድ አድርጉት። ባለ 3 ስቶፕ ፊልተር ያንኑ 1/30 ወደ 1/4 ያወርደዋል። ያላችሁ ባለ 6 ስቶፕ ከሆነ 2 ሰከንድ ገደማ ይሰጣችኋል፤ አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) ከ100 ወደ 200 ስታደርጉት 1 ሰከንድ ላይ ትደርሳላችሁ።

ዋናው ነገር ግን መቼ እንደምትጫኑት ነው። ሰው ሁሉ ማዕበሉ ድንጋዩን ሲመታ ይጫናል። ተዉት፣ ይምታ። ውኃው ወደ ኋላ መሸሽ ሲጀምር ጠብቁት። አረፋው በድንጋዮቹ መሃል እየተጎተተ ረጃጅም ነጭ መስመሮች ይሠራል፣ ዓይንም እነሱን ተከትሎ ወደ ጥልቁ ይሄዳል። በግማሽ ሰከንድ ክር ክር ብለው ይታያሉ። በ5 ሰከንድ አንዳቸውም የሉም።

ቂሳርያ፣ ሮማውያን የሠሩት የውኃ ማስተላለፊያ ቅስት ፊት ለፊት፣ አንድ ወጣት 30 ሰከንድ፣ 30 ሰከንድ እያለ ሲደጋግም አየሁት። «ወንድሜ፣ ፊልተሩን አውልቀው» አልኩት። «ጋሼ፣ ገና ከፍዬ እንኳ ሳልጨርሰው?» አለኝ። እያቅማማ አወለቀው። ፀሐይ ጠልቃ ስለነበር ባዶው ሌንስ ራሱ ግማሽ ሰከንድ ሰጠው። ሲመሽ ፊልተር ምን ያደርጋል?

ቀለሙ ወደ ወይን ጠጅ ሄዷል

ርካሽ ፊልተር ነው። የሚታየውን ብርሃን ይከለክላል፣ ዓይን የማያየውን ኢንፍራሬድ ግን ዝም ብሎ ያሳልፋል። ተለዋዋጭ የሚባለው፣ እየዞረ ጥቁረቱ የሚቀያየረው፣ ደግሞ ሰፊ ቦታ የሚያሳይ ሌንስ ላይ በጣም ሲጠቆር ሰማዩ ላይ የመስቀል ቅርጽ ያለው ጥላ ይጥላል። ሦስት ርካሽ ከመግዛት አንድ ደህና ግዙ። ስንቴ ልናገር!

ድባቡ ጠፍቶ ሁሉም ግራጫ ሆኗል

ካሜራው ጨለማ ሲያይ «ተሳስተዋል» ብሎ ያበራዋል። ኤክስፖዠሩን (የሚገባውን ብርሃን) አንድ ስቶፕ ቀንሱ። ኋይት ባላንሱንም (የቀለም ሚዛኑን) አውቶ ላይ አትተዉት፣ የምሽቱን ሰማያዊ ያጥበዋል። 5200 ኬልቪን አካባቢ ቆልፉት።

ፎቶው ባዶ ነው

ሰማይና ውኃ ብቻውን አይበቃም። አንድ ጥቁር ድንጋይ፣ አንድ ጀልባ፣ ዓይን የሚያርፍበት ነገር ይኑር። አንድ ብቻ! የያፎ ወደብ ለዚህ ምቹ ነው፤ ዮናስ ወደ ተርሴስ ሊሸሽ መርከብ የተሳፈረባት ኢዮጴ ይቺው ናት።

ድንጋዩ ደብዝዟል

ትራይፖዱ (ባለ ሦስት እግሩ ማቆሚያ) ሰምጧል። ማዕበሉ ሲመለስ ከእግሩ ሥር አሸዋውን ይዞት ይሄዳል። እግሮቹን ወደ ታች ጠቅ አድርጋችሁ አስገቡ፣ አንድ ማዕበል ይለፍባቸው፣ ከዚያ አንሱ። የትራይፖዱን የመሃል ዘንግ ወደ ላይ አትሳቡ።

ነጠብጣብ

ሌንሱ ላይ ያረፈ የባሕር ጨው ነው። በደረቅ ጨርቅ እንዳትፈትጉት፣ መስታወቱን ይጭረዋል። መጀመሪያ ንጹሕ ውኃ ያለበት ጨርቅ፣ ከዚያ ደረቁ።

ስለ ቦታው ደግሞ፦ ኔታንያ ላይ ገደሉ የሚፈረካከስ የአሸዋ ድንጋይ ነው። ጫፉ ላይ አትቁሙ፣ ሥሩም አትቁሙ። አጥሩን የሚሻገሩትን ሳይ ያናድደኛል። ድንጋይ ላይ ከመውረዳችሁ በፊት ሩብ ሰዓት ያህል ባሕሩን እዩት፤ ትልልቆቹ ማዕበሎች ተከታትለው ነው የሚመጡት፣ በመሃላቸው ያለው ጸጥታ ያታልላል። ጀርባችሁን አትስጡት። ስክሪን ላይ አፍጥጦ ሳለ እስከ ወገቡ የተመታ ሰው አይቻለሁ፤ እሱ ተረፈ፣ ካሜራው አልተረፈም።

ቤት ስትገቡ ትራይፖዱን ዘርግታችሁ በቧንቧ ውኃ እጠቡት፤ መቆለፊያዎቹን ሳይቀር። ጨው አንዴ ከያዛቸው በጉጠትም አይላቀቁም።