ጥርስ እንዴት ይጠበቃል? ከድዱ ጀምሩ

ለዓመታት ጥርሴን ከሰው ሁሉ የተሻለ የምቦርሽ ይመስለኝ ነበር። ጠዋትም ማታም፣ በጠንካራ ብሩሽ፣ ያረረ ድስት እንደሚፈትግ ሰው ወዲያና ወዲህ። አንድ ቀን ቀዝቃዛ ውሃ ስጎነጭ የላይኛው ጥርሴ ነዘረኝ። ሃኪሟ መስታወት ሰጥታ አሳየችኝ። ድዴ ወደ ላይ ሸሽቷል። ሥሩ ተጋልጧል። ጥርሱም ከድዱ አጠገብ መጋዝ የነካው ይመስል ተሰርጉዷል። "በኃይል ነው የሚፈትጉት" አለችኝ። የሸሸ ድድ በራሱ ተመልሶ አይመጣም። መቦረሽን እንደ አዲስ የተማርኩት ከዚያ በኋላ ነው።

መጀመሪያ የምናጸዳውን ነገር እንወቀው። ጠዋት ምላሳችሁን ጥርሳችሁ ላይ ስታሳልፉ ዝልግልግ ያለ ሽፋን ይሰማችኋል። የባክቴሪያ ክምችት ነው። ስኳር ሲደርሰው አሲድ ያመነጫል። አሲዱ ደግሞ የጥርሱን ጠንካራ ቅርፊት፣ ኢናሜሉን፣ ቀስ በቀስ ያሟሟዋል። ጥርስ የሚቦረቦረው እንዲህ ነው። ይኸው ሽፋን የድዱ ጠርዝ ላይ ሲከርም ድዱ ይቆጣል፣ ያብጣል፣ ይደማል። ሳይነሳ ከቆየ ይጠነክርና የጥርስ ድንጋይ ይሆናል። ያን ጊዜ በብሩሽ አይለቅም፤ ሃኪም ነው የሚፍቀው።

ብሩሽና ሳሙና

ለስላሳ ብሩሽ ግዙ፣ ጭንቅላቱ ትንሽ የሆነ። "መካከለኛ" የሚል የተጻፈበትንም እለፉት። ሦስት ወር ሳይሞላው ፀጉሩ ከተበታተነ ብሩሹ መጥፎ ሆኖ ላይሆን ይችላል፤ እጃችሁ ከብዶ ነው። በኤሌክትሪክ የሚሠራው ጥሩ ነው፣ ግን ግዴታ አይደለም። ሲጫኑት የሚያስጠነቅቀው ዓይነት ግን እንደ እኔ እጀ ከባድ ለሆነ ሰው ይጠቅማል። ሳሙናው ፍሎራይድ፣ ኢናሜሉን የሚያጠነክረው ንጥረ ነገር፣ ይኑረው። ለአዋቂ ከ1000 እስከ 1500 ፒፒኤም (ppm፣ የፍሎራይዱ መጠን መለኪያ) የሚል ቁጥር ማሸጊያው ላይ ፈልጉ። የከሰል ሳሙና የሚባለውን እኔ አልነካውም። ነጭ የሚያደርግ የሚመስለው ስለሚፍቅ ነው።

አቦራረሱ

ዋናው ጉዳይ እዚህ ነው። ብሩሹን በጡጫ አትጨብጡት፣ እንደ እስክሪብቶ ያዙት። እንዲህ ሲያዝ በኃይል መጫን አይመችም፤ የሚፈለገውም ይኸው ነው። ፀጉሩን ጥርሱና ድዱ የሚገናኙበት መስመር ላይ አሳርፉት፣ ወደ ድዱ 45 ዲግሪ ያህል አዘንብላችሁ። ከፀጉሩ ግማሹ ጥርሱን፣ ግማሹ ድዱን ይንካ። አሁን ብሩሹን ከቦታው ሳታነሱ አጭር አጭር አድርጋችሁ አንቀጥቅጡት። ወዲያና ወዲህ መጋዝ መሳብ የለም። አስር ያህል ስትቆጥሩ ከድዱ ወደ ጥርሱ ጫፍ ጠረግ አድርጉና ወደሚቀጥሉት ሁለት ሦስት ጥርሶች እለፉ።

መጀመሪያ ምንም የቦረሻችሁ አይመስላችሁም። እኔ ሁለት ሳምንት ሙሉ "ይሄ ምን ያጸዳል?" እያልኩ ነበር። ከዚያ ሽፋኑን ቀለም የሚቀባ ኪኒን አኝኬ በመስታወት አየሁት። የጥርሶቼ ፊት ንጹሕ ነበር። የታችኛዎቹ የፊት ጥርሶች ጀርባ ግን ወይን ጠጅ ቀለም ተቀባ። ምራቅ የሚወጣበት ቀዳዳ እዚያው አጠገብ ስለሆነ የጥርስ ድንጋይ ቶሎ የሚጋገረውም እዚያ ነው። ስለዚህ ከፊት መጀመሩን ተዉትና ገና እጃችሁ ሳይደክም ከዚያ ጀምሩ፤ ብሩሹን አቁማችሁ በጫፉ። ለመጨረሻው መንጋጋ ደግሞ አፋችሁን ገርበብ አድርጉ። አፍ በሰፊው ሲከፈት ጉንጭ ስለሚወጠር ብሩሹ አይገባም።

ሁለት ደቂቃ፣ በስልክ ሰዓት ተለክቶ። በግምት የምቦርሸው አርባ ሴኮንድ እንደማይሞላ ለክቼ አፍሬያለሁ።

ስትጨርሱ አረፋውን ትፉት፣ ግን በውሃ አትጉመጥመጡ። ፍሎራይዱ ጥርሱ ላይ ቢቆይ ይሻላል። ከሁለቱ ጊዜ አንዱን መዝለል ግድ ቢሆን ማታውን አትዝለሉ፤ በእንቅልፍ ጊዜ ምራቅ ስለሚቀንስ ጥርስ ተከላካይ ያጣል። የሎሚ ጭማቂ ወይም ለስላሳ ከጠጣችሁ ወይም ካስታወካችሁ በኋላ ወዲያው አትቦርሹ። በውሃ ተጉመጥመጡና ግማሽ ሰዓት ጠብቁ።

ክሩ

በጥርሶች መካከል ብሩሽ አይደርስም። 45 ሳንቲ ሜትር ያህል የጥርስ ክር ቁረጡ፣ መሃል ጣቶቻችሁ ላይ ጠቅልሉት፣ በጥርሶቹ መሃል ቀስ ብላችሁ አስገቡት። እንደ ቢላ ወደ ድዱ አትጣሉት። አንዱን ጥርስ አቅፎ ከድዱ ጠርዝ ሥር ገባ ይበልና ወደ ጫፉ ሳቡት፣ ከዚያ ጎረቤቱን።

ይደማል። እኔ ደም ሳይ "ጎዳሁት" ብዬ ለወራት ተውኩት። ስህተት ነበር። የሚደማው ቆሻሻ ስለከረመበት ነው። በየቀኑ ቢጸዳ በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ይቆማል። ካልቆመ ሃኪም ይየው። የሚያጨስ ሰው ግን ድዴ አይደማም ብሎ አይዘናጋ፤ ትምባሆ መድማቱን ይደብቀዋል።

እንደ ዕድሜው

ሕፃን ላይ የመጀመሪያዋ ጥርስ ብቅ ስትል ይጀመራል። እስከ ሦስት ዓመት የሩዝ ፍሬ የምታህል ሳሙና፣ ከዚያ በኋላ የአተር ፍሬ የምታህል። እስከ ሰባት ዓመት ገደማ እናንተ ቦርሹላቸው። በስድስት ዓመት ከወተት ጥርሶቹ ሁሉ ኋላ፣ ከላይም ከታችም በየጎኑ አንድ መንጋጋ ይወጣል። ምንም ጥርስ ሳይወልቅ ስለሚመጣ ብዙ ወላጅ "የወተት ነው፣ ይወልቃል" ይላል። አይወልቅም፤ ዕድሜ ልክ የሚኖር ነው። ቶሎ ከሚቦረቦሩትም አንዱ እሱ ነው።

እርጉዝ ሴት በሆርሞን ምክንያት ድዷ ቶሎ ያብጣል። መቦረሹን አታቁም፤ ለሃኪሙም እርጉዝ መሆኗን ትንገረው። የስኳር በሽታ ያለበት ሰው ድዱን በተለይ ይጠብቅ፤ የደሙ የስኳር መጠን ከፍ ሲል ድዱ ይባባሳል፣ የታመመ ድድም ስኳሩን ለመቆጣጠር ያስቸግራል። በዕድሜ የገፉ ሰዎች ላይ ብዙ መድኃኒት አፍ ያደርቃል። የተጋለጠ ሥር ደግሞ ኢናሜል የለውም፣ ቶሎ ይቦረቦራል። ሰው ሠራሽ ጥርስ ማታ ይውለቅ።

የምንበላውን ስኳር በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ፤ መጠኑን ብቻ ሳይሆን ድግግሞሹንም ቀንሱ። ጣፋጩን ቀኑን ሙሉ መቀማመስ ምራቁ አሲዱን የሚያጥብበት ጊዜ ያሳጣዋል።

ሲያም

አንድ መንጋጋዬ ሦስት ቀን እንቅልፍ ነስቶኝ በአራተኛው ቀን በራሱ ተወኝ። ደስ ብሎኝ ቀጠሮዬን ሰረዝኩ። ያልገባኝ ነገር፣ ጥርሱ ድኖ ሳይሆን ነርቩ ሞቶ ነው ሕመሙ የጠፋው። ከወራት በኋላ መግል ቋጥሮ መጣ፣ ተነቀለ። እንዲህ ያለ ሕመም ዝም ሲል ወደ ሃኪም የምትሮጡበት ሰዓት ነው። አስፕሪን ድድ ላይ አትለጥፉ፤ ሥጋውን ያቃጥላል፣ ጥርሱን አያድንም። ፊት ካበጠ፣ ትኩሳት ካለ፣ መዋጥ ወይም መተንፈስ ካስቸገረ ግን ቀጠሮ የሚባል ነገር የለም። በዚያው ሰዓት ሆስፒታል።