ከውርጃ በፊት አልትራሳውንድ፦ አሜሪካ ለገባሽ እህት

አሜሪካ ውስጥ ስለ ውርጃ አንድ ወጥ ሕግ የለም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1973 ራሱ የሰጠውን፣ ውርጃን በመላ አገሪቱ መብት ያደረገውን የሮ እና ዌድ ውሳኔ በ2022 ከሻረው ወዲህ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ነገሩ በየስቴቱ እጅ ነው። ቴክሳስ፣ ዳላስ ያለችው የአክስትሽ ልጅ የነገረችሽ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ አይሠራም።

አልትራሳውንዱም እንደዚያው። ሐኪሞች በራሳቸው ውሳኔ የሚያዙት አለ። የእርግዝናውን ዕድሜ ለማወቅ፣ ከማሕፀን ውጭ አለመሆኑን ለማየት። ይሄ ሕክምና ነው። ሌላው ሕግ የሚያስገድደው ነው። ቴክሳስ በ2011 ባወጣችው ሕግ ሐኪሙ ምስሉን ማሳየት፣ ያየውን በቃል ማስረዳት፣ የልብ ምት ካለም ማሰማት ነበረበት። ዛሬ እዚያ ውርጃው ራሱ ከሞላ ጎደል ተከልክሏል። የሰሜን ካሮላይናን ተመሳሳይ ሕግ ግን የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2014 የሐኪሙን የመናገር ነጻነት ይጥሳል ብሎ ጣለው። ቨርጂኒያ በ2012 ያወጣችውን በ2020 ሰረዘች። ሜሪላንድና ዋሽንግተን ዲሲ እንዲህ ያለ ግዴታ የላቸውም። ፍሎሪዳ አልትራሳውንዱንም፣ ከውርጃው በፊት 24 ሰዓት መቆየትንም ትጠይቃለች፤ ከ6 ሳምንት በኋላ ደግሞ ጥቂት ጉዳዮች ሲቀሩ አይፈቀድም።

ደጋፊዎቹ ሴቲቱ አውቃ ትወስን ይላሉ፤ ተቃዋሚዎቹ ጫና ነው ይላሉ። ላንቺ የሚጠቅምሽ ግን ይሄ ነው፦ የማሳየት ግዴታው የሐኪሙ እንጂ ማየት ያንቺ ግዴታ አይደለም። ፍሎሪዳ ውስጥ ማየት አልፈልግም ብለሽ ትፈርሚያለሽ። «ስክሪኑን አዙሩልኝ» ማለት ይቻላል።

እርግዝናው ገና ከሆነ በሆድ በኩል ጥርት ብሎ ላይታይ ይችላል። ያኔ በብልት በኩል የሚገባ ቀጭን መሣሪያ ይጠቀማሉ። ሳይነግሩሽ ቢጀምሩ አስቁሚያቸው። ሴት ባለሙያ ትሁንልኝ ማለትም ነውር የለውም።

ሳምንቱ የሚቆጠረው ከመጨረሻው የወር አበባ የመጀመሪያ ቀን ነው። «6 ሳምንት» ማለት የወር አበባሽ ከቀረ ሁለት ሳምንት ገደማ ማለት ነው፤ ብዙ ሴት ገና ጥርጣሬ ላይ ናት። ቀጠሮ ሲይዙልሽ በስልክ የሚጠይቁሽ ያንን ቀን ነው። በእኛ አቆጣጠር የያዝሽውን መስከረም 1 «ሴፕቴምበር 1» ካልሽ እርግዝናውን በአሥር ቀን አስረጀሽው። አልትራሳውንዱ ያርመዋል፤ ቀጠሮው ግን እስከዚያ ሊበላሽ ይችላል።

የፌዴራል ገንዘብ የሚያገኝ ሆስፒታልና ክሊኒክ አስተርጓሚ በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለበት። አማርኛ በይና ጠብቂ። ባልሽን፣ ይባስ ብሎም ልጅሽን አስተርጓሚ አታድርጊ። የምትፈርሚበትን ወረቀትም አስተርጓሚው ያንብብልሽ። ሜዲኬይድ (ገቢያቸው ዝቅ ላለ ሰዎች የሚሰጥ የመንግሥት የጤና መድን) ካለሽ ቀድመሽ ጠይቂ፤ የፌዴራሉ ገንዘብ ከመደፈር፣ ከዘመድ ከተፀነሰና ሕይወት አደጋ ላይ ከሆነ በስተቀር አይከፍልም፤ እንደ ሜሪላንድ ያሉ ስቴቶች ግን ከራሳቸው ይሸፍናሉ።

አንድ ነገር ልብ በይ። «ነጻ አልትራሳውንድ» ብለው የሚለጥፉ ቦታዎች አሉ። ብዙዎቹ ውርጃን የሚቃወሙ ድርጅቶች ናቸው፤ ውርጃ አይሠሩም፣ ወደሚሠራበትም አይልኩሽም። ልጁን ለማሳደግ ድጋፍ የምትፈልጊ ከሆነ ዳይፐርና ልብስ የሚሰጡ አሉ። ካልሆነ ግን ቀጠሮ ሲያመላልስሽ ሳምንቱ ያልፍብሻል። ስትደውዪ «ውርጃ ትሠራላችሁ?» ብለሽ በቀጥታ ጠይቂ። «መጀመሪያ ነይና እንነጋገር» ካሉሽ ስልኩን ዝጊና ሌላ ቦታ ደውዪ።