ኢምፕ የሚል የፓይተን ማስተማሪያ ወረቀት ካላችሁ እንዲህ አርሙት

ጅማ ሄርማታ አካባቢ ቅዳሜ ቅዳሜ ፓይተን የተባለውን የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ አስተምራለሁ። ባለፈው አንዲት ተማሪ ከወረቀት እያየች «ኢምፖርት ኢምፕ» ብላ ጻፈች። ኮምፒውተሩ እንዲህ የሚባል ሞጁል (ሌላ ፕሮግራም ጠርቶ የሚጠቀምበት የኮድ ክፍል) የለም አላት። ሦስት ጊዜ ደግማ ጻፈችው። «ቲቸር፣ የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት?» አለችኝ። የተሳሳተው ወረቀቱ ነው፤ ያዘጋጀሁት ደግሞ እኔ ነኝ። በጣም አዘንኩ።

ኢምፕ ከፓይተን 3.4 ጀምሮ «ተዉት» የተባለ ሞጁል ነው። በፈረንጆቹ 2023 በወጣው 3.12 ላይ ጭራሹኑ ወጣ። የተተካው በኢምፖርትሊብ ነው።

ስታርሙ ስሙን ብቻ በጅምላ አትቀይሩ። ሞጁልን ዳግም ለሚጭነው «ሪሎድ» ይሠራል፤ ኢምፖርትሊብ ውስጥም በዚያው ስም አለ። ጣጣው «ሎድ ሶርስ» ላይ ነው። ፋይልን ካለበት ቦታ የሚጭነው ይህ ፈንክሽን አዲሱ ውስጥ የለም። የድሮው አንድ መስመር ሦስት ይሆናል። ከኢምፖርትሊብ ዩቲል ውስጥ በ«ስፔክ ፍሮም ፋይል ሎኬሽን» ስፔኩን፣ ማለትም ሞጁሉ ማን እንደሚባልና ከየት እንደሚጫን የሚገልጸውን መረጃ፣ ታዘጋጃላችሁ። በ«ሞጁል ፍሮም ስፔክ» ሞጁሉን ትፈጥራላችሁ። ከዚያ በስፔኩ ሎደር (ጫኚ) «ኤግዜክ ሞጁል» ኮዱን ታስኬዳላችሁ። ሦስተኛውን የዘለለ ሰው ወዲያው ስህተት አይመጣበትም፤ የፋይሉ ኮድ ግን ገና አልሄደም። ይህችን አድምቃችሁ ጻፉ። ሎድ ሶርስ ሞጁሉን «ሲስ ሞጁልስ» (የተጫኑ ሞጁሎች መዝገብ) ላይ ራሱ ይመዘግብ ነበር፤ አሁን ካስፈለጋችሁ የምትመዘግቡት እናንተ ናችሁ።

ነጥብ ያለበት ስምም ያደናግራል። «ቡና» የሚል ጥቅል ውስጥ «ዋጋ» የሚል ሞጁል አለ እንበል። ግራና ቀኙ ድርብ የስር ሰረዝ ባለው ኢምፖርት «ቡና.ዋጋ»ን ብትጠሩ የሚመለስላችሁ ቡና ነው። በኢምፖርትሊብ «ኢምፖርት ሞጁል» ከጠራችሁት ግን ዋጋ ይመጣል። ሁለቱንም በምሳሌ አሳዩ።

እያንዳንዱን ምሳሌ ራሳችሁ አስኪዱት። እኛ ክፍል 3.8 ያለባቸውም 3.12 ያለባቸውም ማሽኖች አሉ፤ በሁለቱም ሞከርኩት፣ አዲሱ አጻጻፍ በሁለቱም ይሄዳል። የሞከራችሁበትን ቨርዥን ከርዕሱ ሥር ጻፉ።

ፎቶ ኮፒ ቤት የተቀመጠውንም ቅጂ አትርሱ። እኔ ፋይሉን አርሜ ጨርሼ ፈረንጅ አራዳ ያለው ማባዣ ቤት አሮጌውን ሲያባዛ ደረስኩ። አዲሱን ሰጥቼ አሮጌውን ይዤ ወጣሁ። የመጀመሪያዋን ቅጂ ለዚያች ተማሪ ሰጠኋትና አጠገቧ ቁጭ ብዬ አስሞከርኳት።