የሃዲድ ቁራጭ መስፍ አልሆን ሲላችሁ

ድሬ ባቡር ከገባባት ከ1895 ዓ.ም ጀምሮ ከሃዲድ ጋር ነው የኖረችው፣ ለቤት ውስጥ ብረት ቅጥቀጣም ከሃዲድ ቁራጭ የተሻለ ርካሽ መስፍ (ብረቱን አስቀምጠን የምንቀጠቅጥበት) አላየሁም። ብቻ ከቁራሌው ስትገዙ ከየት እንደመጣ ጠይቁ፣ ከመስመር ላይ የተነቀለ እንዳይሆን።

መዶሻው ዱብ ብሎ ይቀራል፣ አይመለስም? ብዙ ሰው ብረቱን ይረግማል እንጂ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ አቀማመጡ ነው። ሃዲዱን እንደ መስመሩ ካስተኛችሁት ወገቡ ቀጭን ስለሆነ በመታችሁት ቁጥር ይርገበገባል፣ ጉልበታችሁን ይበላዋል። አቁሙት! 50 ሳንቲም የሚሆን ቁራጭ በቁሙ ወፍራም ግንድ ውስጥ ቀብራችሁ ጫፉ ላይ ምቱ፣ ፊቱ ትንሽ ነው ግን ክብደቱ በሙሉ ከመዶሻው ስር ይሆናል። እኔ አንድ ዓመት ሙሉ አጋድሜው ክንዴ ሲያልቅ ከርሞ ያቆምኩት ቀን ነው መስፍ ያገኘሁት።

ቆሞም እምቢ ካለ ወይ ፊቱ ከተጎደጎደ ብረቱ ለስላሳ ነው። የኩሽኔታ ኳስ ከ25 ሳንቲም ከፍታ ልቀቁበት፣ ደህና ብረት ላይ ቲክ ቲክ ቲክ እያለ ይዘላል፣ ግማሹን እንኳን ካልተመለሰ ተዉት። ግራይንደርም ስታስነኩት ፍንጣሪው እንደ ርችት ከተበታተነ ካርቦን አለው፣ ረጅምና ቀጥ ያለ ከሆነ ተራ የግንባታ ብረት ነው።

ጫፉ ላይ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ካያችሁ ደግሞ በጋዝ ተቆርጦ ቶሎ የበረደ ነው፣ የሃዲድ ካርቦን ብዙ ስለሆነ እንደዛ ሲደረግ ይደርቅና ይሰነጠቃል። ስንጥቁ እስኪጠፋ በዲስክ ቆርጣችሁ ጣሉት። ብየዳም ካስፈለገ መጀመሪያ 300 ዲግሪ ገደማ አሙቁት፣ ኤሌክትሮዱ (የብየዳ ዘንጉ) 7018 የሚባለው ይሁን፣ ሲያልቅ አመድ ውስጥ ቀብራችሁ እስከ ነገ እርሱት። አግላችሁ ውሃ ውስጥ መንከሩን ግን በፍጹም አልመክርም፣ ያን የሚያህል ብረት እኩል አይበርድም፣ ይሰነጠቃል።

ጠርዙ እየተሸረፈ ነው? ሹል ስለተዋችሁት ነው። 3 ሚሊ ያህል ክብ አድርጉት፣ መነጽርም አድርጉ፣ ስባሪው ዓይን ነው የሚፈልገው።

ስትሞርዱት ሰማያዊ ከሆነ አትደንግጡ፣ ተራ ሃዲድን ያ ሙቀት አያለሰልሰውም።

ድምፁ ጎረቤት ካስቸገረ ወገቡ ላይ ሰንሰለት አጥብቃችሁ ጠምጥሙበት፣ ከስሩ አሸዋ አድርጉ። ድሬ ከሰዓት በሙቀቱ ሰው ጋደም ብሎ ነው የሚውለው፣ እኔ ከ10 ሰዓት በፊት መዶሻ አላነሳም።